ወረደ የተባለው ሰባት

ሚሊ ቁጥሩን የተናገረችው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው።

«ሃምሳ አራት።»

አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከአንጓው ታጥፎ ጉልበቱ ላይ ወርዷል፤ በግራው ካላነሣው በቀር ቀና አይልም።

«ከስንት ነበር?» አላት፣ እያወቀ።

«ከስልሳ አንድ።»

«ሰባት!» አለች እናቷ ከጓዳ። በዕድሜዋ ሒሳብ ላይ ማንንም ቀድማ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም ቀደመቻቸው። ፎጣ እንደያዘች ብቅ አለች። «ሰባት ወረደ ማለት አይደል? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ወርዷል?»

«ወርዷል፣ እማዬ።»

«ያ ማሽንሽ አይዋሽም?»

«ሦስት ጊዜ ነው ያነበበው። ሦስቱንም ጊዜ ሃምሳ አራት። ልዩነታቸው ከነጥብ በኋላ ነው።»

«ሦስት ጊዜ!» አለች እናቷ ወደ ባሏ ዞራ፣ እሱ እንዳልሰማ ሁሉ። «ፍርድ ቤት እንኳ ሁለት ምስክር ይበቃዋል።»

ወዲያው ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ሁለቱም አልጠየቋትም። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ከሰማች፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ሰማ ይቆጠራል።

ሚሊ የቤት ስሟ ነው። ልጅ ሳለች ዱቄት ስትሰፍር የጣሳውን አፍ በጣቷ ሳታስተካክል አትገለብጥም ነበርና አባቷ «ይቺ በሜትር የምትለካ አይደለችም፣ በሚሊ ናት» ብሎ አወጣላት። ስሙ ቀድሞ ወጣ፣ ሥራው ተከተለ። አሁን በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ በውሃ፣ በአፈርና በደም ውስጥ ያለ ብረት ትለካለች። ደሙ ከአሲድ ጋር ተቀላቅሎ ይሞቅና እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ አንዲት ጠብታ የጣት ጫፍ በምታክል ቱቦ ውስጥ ገብታ እስክትተን ትግላለች። በትነቱ መካከል ብርሃን ያልፋል። እርሳስ ካለ ከብርሃኑ ይውጣል፤ ብዙ ካለ ብዙ ይውጣል። ማሽኑ የጎደለውን ብርሃን ቆጥሮ ቁጥር ይሰጣል።

አባቷ የመኪና ባትሪ ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሞቱ ባትሪዎችን ፈታ፤ የውስጣቸውን እርሳስ በተከፈተ ድስት አቀለጠ፣ ደግሞም አዲስ አድርጎ መለሰ። ሱቁና ቤቱ አንድ ግድግዳ ነበር የሚለያቸው። መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ቀጥሎ የሰው ስም ይጠፋው ጀመር፤ በመጨረሻ ቀኝ እጁ ወረደ። ሐኪሙ ደሙን አስለክቶ ስልሳ አንድ ሲያይ ሱቁን አዘጋውና እንክብል አዘዘለት። እንክብሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አባቷ ቆርቆሮውን በከፈተ ቁጥር «እርሳሱ የሚወጣው በግማቱ ተማሮ ነው» ይላል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ጉበቱን ነክቶበታል። ዓይኑ ቢጫ ቢጫ አለ፤ የበላው አይረጋለትም። ሐኪሙ እናቷም ሚሊም ባሉበት ተናግሯል። «ሁለተኛ ዙር የምሰጥዎት የመጀመሪያው ከሠራ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከወረደ ጉበትዎን እየጠበቅን እንቀጥላለን፤ እጅዎም ሊመለስ ይችላል። ካልወረደ ግን በከንቱ አላቃጥልዎትም። ሌላ መድኃኒት ደግሞ የለኝም።»

ስለዚህ ሰባት ማለት ሁለተኛ ዙር ማለት ነበር። ሁለተኛ ዙር ማለት ደግሞ እጅ ማለት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚሊ ውጤቱን ለኃላፊዋ አቀረበች። ኃላፊዋ ካልፈረመች ከላቦራቶሪው ቁጥር አይወጣም። በመሣሪያዎቹ ጩኸት መካከል ብዙ ዘመን ስለኖረች ዝግ ብላ ትናገራለች፤ ሰው ጠጋ ብሎ እንዲሰማት ለምዳለች።

«የአባትሽ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሰይ።» ብዕሯን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «ስንት ጊዜ ደገምሽው?»

«ሦስት።»

«ከየት ጀምረሽ?»

ሚሊ ጥያቄው ሳያልቅ ገባት። ጆሮዋ ጋለ።

«ከተዘጋጀው ፈሳሽ።»

«ከአንድ ብልቃጥ?»

«ከአንድ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው።»

«ሁልጊዜ እንደምናደርገው» አለች ኃላፊዋ፤ ቁጣ አልነበረባትም። «ለሌላው ይበቃል። መቶ ሃያ የመጣ ሰው አሥር ተሳሳትንበት ብንል ያው ታማሚ ነው፤ አምስት የመጣም ያው ጤነኛ ነው። የአንቺ ግን ነገሩ ሁሉ የቆመው ሰባት ላይ ነው። ማሽኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅሽው፣ ማሽኑም ሦስት ጊዜ ከራሱ ጋር ተስማማ። እሱ መች ይጣላል? ደሙን ስትቀጂ በደንብ ተናውጦ ነበር? የቀዳሽበት ፒፔት ጫፍ ላይ የቀረ አልነበረም? ሲሞቅ ፈንጥቆ የጠፋ፣ ከክፍሉ አቧራ የገባበት የለም? ይኼ ሁሉ የሆነው አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የሆነን ነገር መዋዠቁን ማየት አይቻልም።»

«አውቀዋለሁ» አለች ሚሊ።

«እንደምታውቂውማ አውቃለሁ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ለቤት ተናግሬያለሁ፣ እትዬ።»

ኃላፊዋ ቀና ብላ አየቻት። መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው፤ ንጹሕ ነበር።

«ከበፊቱ ደም የቀረ አለ?»

ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር። አባቷ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሰጠው ደም ከቱቦው ሥር ቀርቷል። ኃላፊዋ ወደ መብራቱ አንሥታ አየችውና ለሦስት ልኬት ይበቃል አለች፤ ቢበዛ ለሦስት። ሚሊን ወደ ውጭ አስወጣቻት። ስትመልሳት ጠረጴዛው ላይ ስድስት ትናንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ሦስቱ ከድሮው ደም፣ ሦስቱ ከአዲሱ፤ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ የጻፈችው በራሷ ወረቀት ላይ ነው፣ ወረቀቱም ኪሷ ገብቷል።

«እጅሽ እንዳያዳላ ነው» አለች። «እጅ ልብን ይሰማል።»

ሚሊ ቀኑን ሙሉ ሠራች። እያንዳንዱን ብልቃጥ ከመጀመሪያው አንሥታ ለብቻው አዘጋጀችው፤ ለየብቻው አናወጠችው፣ ቀዳችው፣ አሲዱን ጨመረች፣ አሞቀች፣ አቀዘቀዘች፣ እስከ መሥመሩ ውሃ ሞላች። እንደዚህ ተጠንቅቃ አታውቅም። ትንፋሿን ሳይቀር ወደ ጎን ታስወጣ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳ ሲወጡ አንዷ «ሙሽራ እያስዋብሽ ነው እንዴ?» ብላት አለፈች።

ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሃምሳ ሰባት። ስልሳ ስድስት። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ሃምሳ ዘጠኝ።

አራተኛው ሲመጣ ሚሊ በልቧ «ይኼ አዲሱ ነው» አለች። ሃምሳ ሁለት! ከሃምሳ አራትም የባሰ ዝቅ ያለ። ሁለተኛውን፣ ስልሳ ስድስቱን፣ ለድሮው ሰጠችው። በሐሳቧ ስድስቱንም አከፋፍላ ጨረሰች፤ ሲከፋፈሉ ሁሉም ያምር ነበር።

ኃላፊዋ ወረቀቷን ከኪሷ አወጣችና ቁጥሮቹን በሁለት ረድፍ ጻፈቻቸው። ድሮ፦ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ስድስት። አዲስ፦ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ሰባት፣ ስልሳ ሦስት።

ሃምሳ ሁለቱ የድሮው ነበር።

ሚሊ አማካዩን በጭንቅላቷ አወጣች። የድሮው ሃምሳ ዘጠኝ፤ የአዲሱ ሃምሳ ስምንት ከትንሽ። በመካከላቸው ያለው አንድ እንኳ አይሞላም። የድሮው ቁጥሮች ብቻቸውን ከአማካያቸው ሰባት ወደ ላይ፣ ሰባት ወደ ታች ይዋዥቃሉ። ትናንት በር ላይ ቆማ ለአባቷ የሰጠችው ሰባት ይኼው ነበር። ከደሙ የወጣ እርሳስ አልነበረም፤ የእነሱ የእጅ፣ የፒፔት፣ የአቧራ መንቀጥቀጥ ነበር።

«ብንደግመውስ?» አለች። «ብዙ ጊዜ ብንደግመው ስሕተቱ ይጠብባል። አሥራ ስድስት ጊዜ ከለካን በአራት ይካፈላል። ያን ጊዜ ሁለትም ሦስትም ወርዶ ቢሆን ይታያል።»

«ልክ ነሽ።»

«እንግዲያውስ...»

ኃላፊዋ የድሮውን ቱቦ አንሥታ ዘቀዘቀችው። ከመስታወቱ ግድግዳ ላይ ቡናማ ፊልም የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ምንም አልወረደም።

«አዲሱን እስክንደክም ልንደግመው እንችላለን» አለች። «ከምን ጋር ልታወዳድሪው?»

ሚሊ ቱቦውን ተቀብላ ወደ መብራቱ አነሣችው። አባቷ መድኃኒቱን ሳይጀምር ስንት እንደነበረ የሚያውቅ ነገር በዓለም ላይ አልቀረም። ሃምሳ አምስትም ሊሆን ይችላል፣ ስልሳ አምስትም። የዚያን ቀን ደም በዚያን ቀን አለፈ፤ ዛሬ ክንዱን ቢዘረጋና ባልዲ ቢሞላ የዚያን ቀን ደም አይሆንም።

«የተጠራጠርነውን ለሐኪሙ ጽፈን እንላክለት» አለች ኃላፊዋ፤ ፈረመችም።

ሐኪሙ ስልክ ደወለ። ያናገረው ሚሊን ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጣትና «ስለዚህ አልወረደም» አላት።

«አልወረደም አላልኩም። መውረዱን ማወቅ አልተቻለም ነው ያልኩት።»

«ለእናንተ ሁለት ነገር ነው፣ እኅቴ። ለእኔ አንድ ነው። ጉበቱ እየተጎዳ መሆኑን ግን በደንብ አውቃለሁ። መድኃኒቱን እናቁም።»

ለአባቷ የነገረችው በዚያው ምሽት እራት ሳይቀርብ ነው። በወረቀት ላይ ልትሥልለት ሞከረች፤ ሁለት ረድፍ ነጥቦች፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ። እናቷ ወረቀቱን አላየችም። አባቷ ግን ትክ ብሎ አየ።

«ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት አልወጣም ነበር?» አላት።

«አንድ ዓይነት የወጣው አንዱን ፈሳሽ ደጋግሜ ስላነበብኩት ነው፣ አባዬ።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እንደ ባትሪ ነዋ። ቴስተር ብቻ ብታስጠጊበት የሞተውም አሥራ ሁለት ቮልት ይልሻል። አሥር ጊዜ ብታስጠጊ አሥር ጊዜ አሥራ ሁለት ነው። መኪና አስነሣ ስትዪው ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«እንደዚያ ነው።»

«በይ ደግ አደረግሽ። ባለመኪናውን መንገድ ላይ ከማስቀረት ይሻላል።»

«ምን ደግ አደረገች?» አለች እናቷ። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ወረደ ተብሎ ነበር እኮ! ሐኪሙ ይሰጥህ ነበር እኮ! ማን ድገሚ አላት? ማን? አንድ ጊዜ ደግ ነገር ቢመጣ አሜን ብሎ መቀበል የማታውቅ ልጅ። ለሰው ሁሉ ተናግሬ! አሁን ምን ልበል? ሰባቱ ተመልሶ ገባበት ልበል?»

«እማዬ፣ ሰባቱ መጀመሪያም አልነበረም።»

«ለእኔ ነበረ!» አለች እናቷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ሚሊን በቀጥታ አታናግራትም። «ልጅህን ጨው አቀብዪ በላት» ትለዋለች ባሏን፣ ሚሊ ጨው አጠገብ ተቀምጣ እያለች። አባቷም «አቀብዪ ተብለሻል» ይላል፤ መጀመሪያ ላይ እየቀለደ፣ በኋላ እንዲያው። እያደር እሱም አነሰ። ሸሚዙን የምትቆልፍለት እናቷ ናት፤ ድሮ «ቀስ በዪ፣ ታንቂኛለሽ» እያለ ይሟገታት ነበር፣ አሁን አገጩን ብቻ ቀና ያደርግላታል። ከሱቁ ቁልፍ የሚጠይቅ፣ መሣሪያ የሚዋስ ሰው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን የሚሊን ስም ጠፋው። «አንቺ...» አለና ቆየ፤ ቆየና «አንቺ ልጅ» ብሎ ጨረሰው።

እናቷ ወደ ላቦራቶሪው የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። መጥታ አታውቅም ነበር። በሩ አጠገብ፣ ጥበቃው ባቀረበላት ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሚሊ ስትደርስ ተነሣች፤ እንግዳ ሰው ፊት እንደምትነሣ።

«ልጄ» አለቻት። በቀጥታ ስትናገራት ከዚያ ምሽት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «መልሺለት።»

«ምኑን?»

«ሰባቱን።»

«እማዬ...»

«ስሚኝ። መድኃኒቱ ይቅር፣ እሺ። ሐኪሙ ያለው ይሁን። ግን አባትሽ እየሄደብኝ ነው። ዳቦ አቅርቤለት ሲያየው ይውላል። ትናንት ‹ምን ብዬ ልነሣ?› አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? አንቺ ብትነግሪው ያምንሻል፤ ሌላ ሰው ቢነግረው አያምንም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር በዪው። ሠራነው፣ እንደገና ለካነው፣ ወርዷል በዪው። ማን ይጎዳል? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ይጎዳል?»

ሚሊ ማን እንደሚጎዳ ለማሰብ ሞከረች። መድኃኒቱ ቆሟል። ሐኪሙ እውነቱን ያውቃል። ከወረቀት የሚለወጥ ነገር የለም። ማንንም አላገኘችም።

«እሺ» አለች።

እናቷ ጉንጯን ሳመቻት። ሌላ ሳታነሣ ወጣች፤ ከበሩ ስትወጣ ቦርሳዋን ጥበቃው ጋ ረስታ ተመለሰች፣ ይዛም ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ ሆነ ብላ እንደወጣች ግልጽ ነው። ሚሊ ከአባቷ አልጋ ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በመንገድ ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችውን ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ ተናገረችው። የማሽኑ መብራት አርጅቶ ነበር፤ ተለወጠ፤ እንደገና ከሥሩ ለካነው፤ ሃምሳ አንድ መጣ፤ በደንብ ወርዷል።

አባቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ቀስ ብሎ ተገላበጠና አያት። ስትናገር ዓይኖቹ ቢጫ ውስጥ ሆነው እንኳ ለአፍታ እንደ ሠራተኛ ዓይን ነቁ፤ ባትሪ ሲያመጡለት «እስቲ ወዲህ» እንደሚለው ዓይነት።

«ሃምሳ አንድ።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«የበፊቱስ? እሱንም እንደገና ለካችሁት?»

«አዎ።»

«በምን ደም?»

ሚሊ አፏን ከፈተች። ለዚህ የተሰናዳ ዓረፍተ ነገር አልነበራትም። ያን ምሽት ሁለት ረድፍ ነጥብ ስትሥልለት፣ የድሮው ደም እንዳለቀና ዳግመኛ እንደማይገኝም ነግራው ነበር። የሰው ስም የሚጠፋው ሰው፣ ደሙ አልቋል ያለችው ግን አልጠፋውም።

ከግቢው የባልዲ ድምፅ ይሰማል። አባቷ በግራ እጁ ቀኙን አንሥቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠው፤ ልክ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደያዘ ሰው፣ ተጠንቅቆ።

«እናትሽ ናት» አለ።

ሚሊ ወደ ግቢው በር አየች።

«መሥሪያ ቤት ድረስ መጣች?»

«መጣች።»

«እግሯን እያመማት» አለ። «ተምረሽ ተምረሽ ውሸት ግን አልተማርሽም። አንዲት ነገር እንኳ ቢጠይቁሽ ትቆሚያለሽ።»

«ይቅርታ፣ አባዬ።»

«ለምኑ? እኔም አመንኩሽ ልልሽ ፈልጌ ነበር እኮ። አፌ ቀድሞኝ ጠየቀ።» ፊቱን ወደ ጣሪያው መለሰ። «የሆነስ ሆኖ ካልወረደ አልወረደም። እሷን ግን እንደዚህ ሆና ማየት አልችልም። ውጪና ንገሪያት። ሃምሳ አንድ ስለው አመነ በያት።»

«እሺ።»

«ደስ አለው በያት።»

ሚሊ ወጣች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ትጨምቃለች። የእግር ድምፅ ስትሰማ እጇ ቆመ፣ ግን አልዞረችም።

«እ?»

«አመነ» አለች ሚሊ።

«ምን አለ?»

«ደስ አለው።»

«ሳቀ?»

ሚሊ ባልዲውን እያየች፣ «ሳቀ» አለች።

እናቷ የጨመቀችውን ሸሚዝ አራግፋ ገመዱ ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ጎትታ አስተካከለች።

«ከዚህ አልተሰማኝም» አለች፣ ጎንበስ ብላም ሌላ ልብስ ከባልዲው አወጣች።